የወሊድ ፈቃድ ካለቀ በኋላ ስላሉት ሦስት ወራት

ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ስለፈቀደ ለወላድ ሠራተኞች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የተገኘውን ለማቃለል ሳይሆን ዘጠናው ቀን ሲያልቅ የሚመጣውን ችግር ለማሳሰብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ የጤና ባለሙያዎችም ዘወትር የሚነግሩን፣ ሕፃን እስከ 6 ወሩ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው። እናቲቱ ግን ልጇ ሦስት ወር ሲሞላው ወደ ሥራ ትመለሳለች።

በምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከወሊድ የተመለሱ እናቶች ረፋዱ ላይ ጡታቸው አግቶ ወተቱ ገዋናቸውን ሲያረጥበው፣ ሥራ እንዳይስተጓጎልባቸው ስለሚፈሩ ከውስጥ ጨርቅ ደርበው መስፋታቸውን ይቀጥላሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽንት ቤት ገብተው በእጃቸው ያልቡታል፤ ንጹሕ ቦታም ማቀዝቀዣም ስለሌለ ያለቡትን እዚያው ይደፉታል፤ ልጁ ግን ቤት ውስጥ በጡጦ የዱቄት ወተት ይጠጣል። ጡት በወቅቱ ካልታለበ ወተቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የአንዳንዶቹ ጭራሽ ይነጥፋል፤ ያኔ ጎረቤትና ዘመድ “ወተት የላትም” ይላቸዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ወተቱን ያደረቀባት ተፈጥሮዋ ሳይሆን የሥራው ሁኔታ ነውና።

የዓለም የሥራ ድርጅት የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 የምታጠባ ሠራተኛ በየቀኑ የማጥቢያ ዕረፍት ወይም የሥራ ሰዓት ቅናሽ እንድታገኝ፣ ጊዜውም እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይደነግጋል። የእኛ አዋጅ ስለዚህ ዕረፍት የሚለው ስለሌለ ጉዳዩ በየአለቃው በጎ ፈቃድ ላይ ወድቋል። አዋጁ ከሥራ እንዳትሰናበት የሚጠብቃት ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ብቻ በመሆኑም፣ ከተመለሰች ከአንድ ወር በኋላ ይህ ጥበቃ የሚያበቃባት እናት አለቃዋን ደፍራ ለመጠየቅ ትቸገራለች።

ስለሆነም አዋጁ እስኪሻሻል ድረስ፣ ልጁ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው የሚከፈልበት የማጥቢያ ዕረፍት እንዲሰጥ፣ በር የሚዘጋ ንጹሕ ክፍል፣ የእጅ መታጠቢያና አነስተኛ ማቀዝቀዣም እንዲዘጋጅ የሚያዝዝ መመሪያ ሚኒስቴሩ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ለቁጥጥር ሲመጡ እናቶቹን አለቆቻቸው በሌሉበት እንዲያነጋግሩልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ