ዘንዶ ፍለጋ ጎጀብ ልትወርዱ ላሰባችሁ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ዘንዶ በዶላር ይሸጣል የሚል ወሬ ይናፈሳል። የባጃጅ ተራ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ ጎጀብ ወርደን አንድ ብንይዝ ስንት ያወጣል?» ይሉኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንዱ ግን ማዳበሪያ ከነገመዱ ማዘጋጀቱን ነገረኝ። ነገሩ ሳይብስ ጋዜጣችሁ ላይ ይውጣልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የወሬው መነሻ የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ይኖራል፤ እባብ ያረባል። በቅርቡ ከነበሩት ላይ ብርቅ ቀለም ያለው አንድ ወንድ ጨመረና ቪዲዮውን ላከ። የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ። እህቴ አይታው «ያ ረቢ! ይሄን ልጅ ምን ነካብኝ?» አለች። በተለይ ቀለባቸው አልዋጥልሽ ብሏታል። በረዶ የሆነ አይጥ ከፍሪጅ ያወጣል፣ ለብ ባለ ውሃ ያሞቀዋል፣ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ያቀርብላቸዋል።

መልኩ እውነትም ያስደንቃል። ጭንቅላቱና አንገቱ ቡናማና ጥቁር ነው። ከዚያ ገላው ድንገት ነጭ ይሆናል፤ ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው። ወረድ ሲል ቡናማው ይመለሳል፣ ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር ይዞ። ፓይባልድ ይሉታል።

ግን ይሄ የኛ ዘንዶ አይደለም። ቦል ፓይተን የሚባል የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዝርያ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ይጠቀለላል። የኛው አምስት ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ፍየል ይውጣል። መርዝ የለውም፣ ግን አንዴ ከተጠመጠመ ብቻህን አታላቅቀውም። ማዳበሪያ ላዘጋጀው ልጅ ይሄን ነገርኩት፤ ሳቀ።

ደግሞ ቦል ፓይተኑም ቢሆን ቀለሙ ተራ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ርካሽ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ዘሩ ነው። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። የዘር ውርስን በሜንዴል አተር ሳስተምር የሚያንቀላፋው ክፍል በዚህ እባብ ሳስረዳ ነቅቶ ሰማኝ። ነጩን የሚያመጣውን ጂን የእባቡ ልጅ ከእናትም ከአባትም መውረስ አለበት። ከአንዱ ብቻ ከወረሰ መልኩ ተራ ነው፤ ጂኑን ግን ይሸከማል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ እንቁላል ፓይባልድ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የእህቴ ልጅ ተሸካሚ ሴቶች ነበሩት። አሁን ራሱ ፓይባልድ የሆነ ወንድ ሲያመጣ ዕድሉ ከሁለት አንድ ሆነ። ብሩን ያፈሰሰው ለዚህ ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ስድስት ያህል እንቁላል ነው፤ ለመፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቀለም በዘር እንደሚተላለፍ አርቢዎች ያረጋገጡት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም፤ ሲባዛ ወረደ። ገዢ የሚጠይቀው እናትና አባቱን ነው። ከጎጀብ ጫካ ታንቆ ለመጣ ዘንዶ እናቱ ማን ናት ሊባል ነው?

በነገራችን ላይ ሁሉም ቀለም ጤነኛ አይደለም። ስፓይደር የሚሉት ዓይነት ቀለሙን ከሚሰጠው ጂን ጋር የነርቭ ችግር ይወርሳል፤ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል፣ ሚዛኑን ይስታል። ይሄንን እያወቁ ለመልክ ብሎ ማባዛት እኔ አይዋጥልኝም። ለእህቴ ልጅም ነግሬዋለሁ፤ እሱም ይህን ዓይነት አልያዘም።

ሕጉም አለ። በአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም ሆነ መነገድ አይቻልም። ፓይተኖች፣ የኛው ዘንዶም ጭምር፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ያለ ወረቀት ድንበር ላሻግር ያለ ሰው ዶላሩን ሳያይ ወህኒ ያያል።

የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ባጃጅ ተራ ድረስ ልኮ ቢያስረዳልን ደስ ይለኛል። እኔ «አይሆንም» ስላቸው «መምህሩ ብቻውን ሊበላ ነው» እያሉ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከጅማ