ዋንጫው በሞዴል 19 ገባ፤ በምን ወጣ?

ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈፃሚ

የወረዳውን ቁጥር አልጽፈውም። እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። ወረዳው ስለወሰደው የክለባችን ንብረት አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሰባት ጊዜ በአካል መጥቻለሁ። ሁለቱ ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱን «እዚህ ጋ አስቀምጠው» ተብዬ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ወጣሁ። የደረሱበትን ጠረጴዛው ይወቅ። ቅሬታ ሰሚም ጋ ሄጃለሁ። በእውነት ሰሙኝ። ከመስማት ያለፈ ነገር ግን አላየሁም።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። በመጋቢት 2016 ፒያሳ ያለው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ፣ የሰፈራችን እግር ኳስ ክለብ አንዲት ክፍል አብራ ፈረሰች። በመፍረሷ ዛሬ አልከራከርም። የቀበሌ ቤት ነበረች፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት አንዷ። ንብረቱን ግን ራሳችሁ «ለጊዜው እኛ ጋ ይቀመጥ» ብላችሁ ወሰዳችሁ። ሰባት ዋንጫ፣ አሥራ አንድ ፎቶግራፍ ከነፍሬሙ፣ አንድ የብረት ሳጥን። የንብረት ክፍሏ ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሞዴል 19 ቆርጣ ሰጠችኝ። እስካሁን በእጄ ነው።

ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስተምርም። ንብረት በሱ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ሞዴል 22 አሳዩኝ ስል የለም። ታዲያ ንብረቱን አሳዩኝ ስል እሱም የለም። እንግዲህ ሳጥኑ ከመጋዘን ሳይወጣ ከመጋዘን ጠፍቷል ማለት ነው። ጥምቀት ላይ እንኳን እንዲህ ያለ ተአምር አልሰማሁም።

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እዚሁ ልናገር። የክለቡ ደብተር ነበር። ደራሲዎቹ የኳስ ልጆች ናቸው፤ ፊደሉ አንዳንዴ ይወላገዳል። ማን ስሙኒ ከፈለ፣ ማን ሁለት ወር ዘለለ፣ ሁሉም አለ። «ለከመነዳሪ መጣፊያ 25 ሳንቲም» የሚል ሒሳብ አለ። ማሊያ ያጠበችው ሴት የተከፈላት አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ልምምድ የለም። ሁሉም ስታዲየም ሄዷል።» ያን እሑድ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ቀን ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል የኛ ልጆች ከሕዝቡ መሃል ነበሩ። ማግስቱን የተጻፈው ስለ ድሉ አይደለም። ኳሷ መተንፈሷ ነው።

አራዳ የኳስ ሰፈር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 የተመሠረተው እዚሁ ነው። ትልቁ ክለብ ታሪኩን የሚጽፍለት አያጣም። የኛን ዓይነቱን፣ ደርግ ሲመጣ የከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ስም የተለጠፈበትን፣ ኋላም በመዋጮ የተንገታገተውን ትንሽ ክለብ ማን ያስታውሰዋል? ያቺ ደብተር ነበረች።

ልጄ በቀደም ስልኩ ላይ አንድ ነገር አሳየኝ። በኤድንብራ የጎልፍ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1744 አሥራ ሦስት ሕግ ጽፈዋል። በእጅ፣ በክለባቸው መዝገብ ላይ። መዝገቡ ዛሬም በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። የኛ እናንተ መጋዘን ገብቶ ክረምቱን አልወጣም። ከሕጎቹ አሥረኛውን ወድጄዋለሁ፤ ኳስ በሰው፣ በፈረስ ወይም በውሻ ቢቆም ከቆመበት ይመታ ይላል። የኛ ጉዳይም በሰው ስለቆመ ከቆመበት ልምታው ብዬ ነው ይህን በአደባባይ የጻፍኩት።

አሁን ወደ ያናደደኝ ነገር ልምጣ። ለስድስተኛው ጉብኝቴ የክለባችንን የድሮ በረኛ ይዤ መጣሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከዋንጫዎቹ ሁለቱን ራሳቸው ተጫውተው ያመጧቸው ናቸው። ሊፍቱ ስለማይሠራ አራት ፎቅ በደረጃ ወጡ፤ በየፎቁ እያረፉ። ቢሮዎ ደጃፍ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሠራተኛ መጣ። ጉዳዩን ነገርነው። «እ፣ ቆርቆሮዎቹን ነው?» አለ።

ቆርቆሮ።

እሳቸው ምንም አላሉም። ከዘራቸውን አነሱና ተነሱ። ደረጃውን ስንወርድ «ልጁ እውነቱን ነው፤ ብር ቅብ እንጂ ብር አልነበረም» አሉኝ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁን አልወቅስም፤ አልነገሩትም። እርስዎን ግን እወቅሳለሁ።

አዋጅ ቁጥር 179/1991ን ያውቁታል ብዬ ነው የማስበው። ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የወጣ ነው። የመንግሥት ንብረት መመሪያውንም ከኔ በላይ ያውቃሉ። ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ደግሞ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓትና በቀን ይዘረዝራል። ለኛ መልስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ፈልጌ አጣሁት። ያረጀ ደብተር የሚል ረድፍ የለውም መሰለኝ።

ተጥሎ ከሆነ ተጥሏል በሉን። ለቆርቆሮ ገዢ ተሽጦ ከሆነ ለማን እንደተሸጠ ንገሩን፤ ሄደን እንፈልጋለን። አንድ ጥግ ተጥሎ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ስጡን፤ ራሳችን ገብተን እናወጣዋለን፤ መጥረጊያም ይዘን እንመጣለን።

የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንመጣለን። በረኛውም ይመጣሉ። አራተኛ ፎቅ ግን አይወጡም። ምድር ቤት ወንበር አምጥተን እንቀመጣለን። እርስዎ ይውረዱ፤ ሞዴል 22ን ይዘው።

የክለቡ የቀድሞ ጸሐፊና የግራ ተከላካይ