የጎንደር–ላሊበላ ነዳጅ በአውሮፕላን መስመር አይሰላም፦ ለመሥሪያ ቤታችን የፋይናንስ ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዳይሬክተር፣

በነዳጅና በውሎ አበል አሰላላችሁ ላይ የጻፍነው ማስታወሻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ወጥቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። በቃል ስንጠይቅ «ሲስተሙ ያወጣው ርቀት ነው» ተባልን። እንግዲህ በአደባባይ እንነጋገር።

ከጎንደር ላሊበላ 179 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ነዳጅ ትፈቅዳላችሁ። ቁጥሩስ ልክ ነው፤ አዘዞ ካለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላው ማረፊያ በአየር ቀጥ ብሎ ሲለካ ይኸው ነው። መኪናችን ግን ክንፍ የላትም። መንገዷ በአዲስ ዘመን ወረታ ይወርድና በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይገባል። ድምሩ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ሜዳ አይደለም፤ ወረታ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ብዙም አይርቅም፣ ነፋስ መውጫ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ላንድክሩዘር በእናንተ ስሌት ለመሄጃ 26 ሊትር ይደርሳታል። የሚያስፈልጋት 50 ነው። 26ቱ የሚያልቀው ደብረ ታቦርን ጥቂት እንዳለፈች ዳገቱ ላይ ነው። ሾፌሩ እዚያ ይቁም? አልቆመም፤ ከኪሱ ቀድቶ ሥራውን ጨርሶ ተመለሰ። ሂሳብ ሲያወራርድ ደረሰኙ «ከተፈቀደው በላይ» ተብሎ ተጣለበት። ይባስ ብሎ በቅድሚያ በወሰደው ገንዘብ ላይ በስሙ ተሰብሳቢ (ዕዳ) ተያዘበትና ከደመወዙ ተቆረጠ። የስምሪት ወረቀቱ ላይ የመውጫና የመግቢያ ቆጣሪ ንባብ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ያነበበው ሰው ካለ እንወቀው።

ውሎ አበሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሠራተኛ «በረራው 16 ደቂቃ ስለሆነ» የጉዞ ቀን አይያዝለትም። ይህች 16 ከየት መጣች? 179ን ለኪው 400 አውሮፕላን ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ667 ኪሎ ሜትር፣ ስታካፍሉ ነው የምትገኘው። አውሮፕላን ግን ከመነሻው እስከ ማረፊያው በዚያ ፍጥነት አይበርም። መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ገና ሳይደላደል ፍጥነቱን ቀንሶ መውረድ ይጀምራል፣ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር ለመግጠም ይዞራል። አጭር በረራ ላይ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በዚሁ ነው፤ በሩ ከተዘጋ እስኪከፈት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቀድሞ ተገኝቶ መፈተሹ፣ ከላሊበላው ማረፊያ እስከ ከተማው ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ጠመዝማዛ መንገድ ሳይቆጠር ነው። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀንማ ሰውየው አዲስ አበባ ወርዶ ነው የሚመለሰው፦ 420 ሲደመር 333፣ በድምሩ 753 ኪሎ ሜትር። መሐል ላይ የሚጠብቀው ሰዓት ከሁለቱ በረራዎች ሊበልጥ ይችላል። ለእሱም አበሉ የ16 ደቂቃ ነው!

ለመኪና የመንገድ ኪሎ ሜትርና የቆጣሪ ንባብ፣ ለበረራ ቲኬቱ ላይ የታተመው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ይያዝ። ሁለቱም ማኅደሩ ውስጥ አሉ። የሾፌሩ ተሰብሳቢ ይሰረዝ፤ የተቆረጠበትም በሚቀጥለው ደመወዝ ይመለስለት።

ከመስክ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለውስጥ ኦዲት
ለስምሪት ክፍል