ቡናው ትንሽ ይቆይልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ደሴ ውስጥ ሥነ ምግብ የምማር ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የያዝነው ኮርስ ሰውነታችን ቫይታሚንና ማዕድናትን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው የሚያስረዳ ነው። ከሁሉም የከነከነኝ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገን ማዕድን፣ የአይረን (የብረት) ነገር ነው።

እኛ ቤት ገና ማዕዱ ሳይነሳ ጀበናው ይጣዳል። እርጉዟ እህቴም አብራን አቦል ትጠጣለች። የአይረን ኪኒኗንም በሻይ ነው የምትውጠው። የምንማርበት መለኪያ ለእርጉዝ ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልጋል ይላል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች የሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል። ቡና ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ኧረ በወሎ ምድር! አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ ነው የምለው። ኪኒኑም በውኃ ይዋጥ።

ቫይታሚን ሲ ደግሞ በተቃራኒው አይረኑን አንጀት በቀላሉ ወደሚቀበለው ዓይነት ይቀይረዋል። ስለዚህ ከምስር ወጡ ጋር ጥሬ ቃሪያ ይቅረብ፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ይደረግበት። ቃሪያ ሰኞ ገበያ ሞልቷል። ሊጥ ሲቦካም እህሉ ውስጥ ያለው፣ አይረን የሚይዘው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ይህን ሥራ ድሮም ይዘውታል።

የሚያሳዝነኝ፣ ክፍል ውስጥ ምሳሌያችን ብሮኮሊና ስቴክ መሆኑ ነው። የአገራችን ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ እያለ ስለ ሽሮ ብዙም አንማርም። መምህራን በእንጀራና በሽሮ ያስተምሩን። እናንተም በየሳምንቱ ለሥነ ምግብ አንድ ዓምድ ብትሰጡ እኔና ጓደኞቼ ለመጻፍ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የሥነ ምግብ ተማሪ፣ ከደሴ