የስፖርት ዘገባ ክበብ፦ ላክሮስን በአማርኛ የጻፍንበት ዓመት

በ2025 የአማርኛ ተማሪዎች ክበባችን ምን እንደሚከታተል የወሰኑት ልጆቹ ናቸው። እኔ እንደ ወትሮው እግር ኳስ ነበር ያሰብኩት። በጃንዋሪ ግን ሁለት ሴት ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ጫፉ ላይ መረብ ያለው ዱላ ይዘው ክፍል ገቡ። በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ላክሮስ ይጫወታሉ፤ ኳስን በዚህ ዱላ እየያዙና እየወረወሩ ግብ የሚያስቆጥሩበት የቡድን ጨዋታ ነው። «የሴቶች የኮሌጅ ላክሮስን ለምን አንከታተልም?» አሉኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ላክሮስ ከ2004 ጀምሮ የግዛቱ የቡድን ስፖርት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ነድተን የምንደርስበት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ደግሞ እስከ 2025 ድረስ 14 ጊዜ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር) ዋንጫ አንስቷል፤ ከማንም በላይ። ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህ መሐል ነው። እኛ ግን ስለ ጨዋታው በአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማውራት አንችልም ነበር። እሺ አልኳቸው።

የመጀመሪያው ወር በቃል ፍለጋ አለቀ። በረኛ አለን፣ ግብ አለን፣ ማቀበል አለን። ኳሷ እንዳትወድቅ ዱላውን እያወዛወዙ መሮጥን ግን ምን እንበለው? ልጆቹ ብዙ ተከራክረው «እሹሩሩ» ላይ ተስማሙ፤ ሕፃን እንደማባበል ስለሚመስል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ በዘገባዎቻችንም ገብቷል። አንድ ቅዳሜ የአንዷ ተማሪ አያት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ቪዲዮውን ሲያዩ «ይሄማ ገና ነው!» አሉ። የልጅነታቸውን የገና ጨዋታ፣ ቆልማማውን ዱላና ሩሯን፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን ሁሉ ነገሩን። የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚህ ኳሷ በአየር ላይ እንደምትሄድ፣ የሴቶቹ ጨዋታ መገፋፋትን እንደሚከለክልና ከበረኛዋ በቀር ሁሉም የዓይን መከላከያ እንደሚያደርጉ አስረዳቻቸው። በአማርኛ ነው ያስረዳችው፤ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳታስገባ። ይህችን ልጅ በመስከረም ላይ አንድ ነገር በአማርኛ ንገሪኝ ስላት ዝም ነበር የምትለኝ።

ኤፕሪል ሲገባ ነገሩ ጠነከረ። ግድግዳው ላይ የግምት ሰሌዳ ሰቀልን። ሕጉ አንድ ነው፦ ምክንያት የሌለው ግምት አይለጠፍም። «ቡድኔ ስለሆነ» ምክንያት አይደለም። የሜሪላንድ ደጋፊዎች በዚህ ትንሽ ተቀይመውኛል።

ታዲያ ምክንያት ለመጻፍ ውድድሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብሔራዊው ውድድር 29 ቡድኖች ያልፋሉ። የየሊጋቸውን ዋንጫ የሚያነሱት በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩትን ኮሚቴ ይመርጣቸዋል። ኮሚቴው የሚያየው ማንን እንዳሸነፍክና ከእነማን ጋር እንደተጫወትክ ነው። ስለዚህ በወቅቱ መጨረሻ ደካማ ቡድን ላይ የግብ ናዳ ማውረድ ብዙ አይጠቅምም፤ ጠንካራ ቡድንን በአንድ ግብ ማሸነፍ ግን ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቡድኖች አንደኛውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሽንፈት፣ ወደ ቤት።

ልጆቹን በጣም የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። በእግር ኳስ ግብ ሲገባ ኳሱን የሚያስጀምረው የተቆጠረበት ቡድን ነው። እዚህ ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች መሐል ሜዳ ላይ ዱላ ለዱላ ገጥመው ለኳሷ ይታገላሉ። ያገባው ቡድን እንደገና ኳሷን ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ግብ የሚከታተለው፣ የተመራ ቡድንም በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ነፍስ የሚዘራው በዚህ ነው። ለምሳሌ የ2024ቱን ፍጻሜ አብረን አየነው። ቦስተን ኮሌጅ በኖርዝዌስተርን 6 ለ 0 ተመርቶ ነበር፤ በመጨረሻ 14 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያውም ከአንድ ዓመት በፊት በፍጻሜ 18 ለ 6 በቀጣው ቡድን ላይ።

ይህን ያዩ ልጆች አብዛኞቹ ቦስተን ኮሌጅን ገመቱ። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ኖርዝ ካሮላይና ብላ ለጠፈች። ሌሎቹ «እስካሁን አልተሸነፈም፤ አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርም» ሲሉ እሷ ሌላ ምክንያት ጻፈች። ቡድኑ የሃምፍሪ እህትማማቾች አሉት፤ አሽሊ፣ ኒኮልና ክሎዊ። አሽሊ በአንድ የውድድር ዘመን ለግብ በማቀበል ክብረ ወሰን የሰበረች ናት፤ ታናሿ ክሎዊ ደግሞ 2024ን በጉዳት ሳትጫወት አሳልፋ ዘንድሮ እንደ እሳት ነደደች። «አንዷን ብትይዝ ሌላዋ ታገባብሃለች» ይላል የልጅቷ ወረቀት። አሰልጣኟ ጄኒ ሌቪም በ2022 ያለ ሽንፈት ዋንጫ አንስታ ስለነበር መንገዱን ታውቀዋለች ብላ ጨመረች።

ሜሪላንድ ግማሽ ፍጻሜ አልደረሰም፤ ያ ቅዳሜ ክፍላችን ቀዝቅዞ ነበር። ሜይ 23፣ ዓርብ፣ ማሳቹሴትስ ፎክስቦሮ ውስጥ በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ኖርዝ ካሮላይና ፍሎሪዳን 20 ለ 4 አደቀቀ። በሌላው ጨዋታ ኖርዝዌስተርን ቦስተን ኮሌጅን 12 ለ 11 ጣለ። አብዛኛው ሰሌዳችን በአንድ ግብ ወደቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ከፈተልን። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ እናቶችም ተቀመጡ። ኖርዝዌስተርን ማዲሰን ቴይለር ነበረችው፤ በዚያ የውድድር ዘመን 109 ግብ ያገባች፣ ከእሷ በፊት ማንም ያላደረገውን። ኖርዝ ካሮላይና ግን ያን ሁሉ ኃይል በ8 ግብ ገድቦ 12 ለ 8 አሸነፈ። 22 ጨዋታ፣ 22 ድል። ቀጥሎ ክሎዊ ሃምፍሪ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የምትሸለመውን የቴዋራተን ሽልማት ወሰደች፤ በመጀመሪያ ዓመቷ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዋንጫው ይልቅ ደስ ያለኝ በማግስቱ የደረሱኝ ዘገባዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ «እገሌ አሸነፈ፣ ውጤቱ ይህ ነው» ብለው የሚያቆሙ ልጆች አሁን ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ለማን እንደወጣች፣ ተከላካዮቹ ግቡ ፊት ያለውን የ8 ሜትር ክልል እንዴት እንደዘጉ ይጽፋሉ። የፊደል ስሕተት አለ፤ «ሃ»ና «ሀ» አሁንም ይጣላሉ። እሱ ይታረማል።

የ2026ቱ ሰሌዳ ወዲያው ተጀመረ። የ2025ቱ ወቅት ሲያልቅ ክሎዊ ገና ሦስት የጨዋታ ዓመት ይቀራት ነበር፤ አሽሊ ግን ጨርሳለች፤ ያለ እሷ ማን ያቀብላታል የሚለው ትልቁ ክርክር ነበር። ቴይለርም አንድ ዓመት ይቀራት ነበር፤ ስለዚህ እኔ ኖርዝዌስተርን ብያለሁ፤ ምክንያቴንም ጽፌ ለጥፌያለሁ። ሜሪላንድ ከ2019 በኋላ እስከ 2025 ዋንጫ አላነሳም፤ ሦስት ልጆች ግን አሁንም እሱን ይዘው ቀርተዋል፤ ምክንያታቸውን እስከ ሴፕቴምበር እንዲያመጡ ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ወረቀት እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው። እንዳይነሳ ብለውኛል።