የክበባት ዘገባ፦ ከጂቡቲ የመጣው ሃይላንድ

ዘገባ ጻፍ ስባል ሁልጊዜ እጄ ላይ የሚመጣው ያው "ክበባችን በበጀት ዓመቱ የተለያዩ ተግባራትን አከናውኗል" የሚለው ነው። ዘንድሮ እሱን እንተወው። የውሃና አካባቢ ክበብ ጥቅምት ላይ በ34 ልጅ ጀመረ፤ ሰኔ ላይ 13 ቀርተን ጨረስን። ከሄዱት ገሚሱ ድራማ ክበብ ገብተዋል፣ እዚያ ሻይ በብስኩት አለ። ሌሎቹ ደግሞ ሰሌዳ ላይ "ፋይቶፕላንክተን" ብዬ ስጽፍ የተሰወሩ ናቸው። አልፈርድባቸውም።

ቃሉ ነው እንጂ ነገሩ አያስፈራም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግባቸውን የሚሠሩ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው። እኛ ባጭሩ አልጌ እያልን ተግባባን። ምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የነሱ ሥራ ነው፤ ዛፉም፣ ሣሩም፣ ማሽላውም ተደምሮ የቀረውን ግማሽ ነው የሚካፈለው። በቀናት ውስጥ ስለሚባዙ ውሃ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዓሣው የሚናገረው ዘግይቶ ነው፣ ያውም ሞቶ።

"የባሕር ነገር ድሬዳዋ ላይ ምን ይሠራል?" አለችኝ አንዲት ባልደረባዬ። እውነቷን ነው። ወንዛችን ደቻቱ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ግን ጂቡቲ ዘመድ የሌለው ድሬ ውስጥ ማን አለ? ይህ ከተማ የተቆረቆረው ከባሕሩ በመጣ ባቡር ነው። ባሕሩ ሩቅ አይደለም፣ እኛ ነን ያላየነው። ስለዚህ ባሕሩ በሃይላንድ ይምጣ አልን።

የአንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ አጎት ከባድ መኪና ነጂ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሃይላንድ የባሕር ውሃ ቀዳልን። በስልክ "አረንጓዴ አረንጓዴ የሚል ነገር አለው" ሲለን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወረፋ ያዘው፣ ከዚያ ጎማ ፈነዳ። ውሃው ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ጋቢና ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከወንበር ሥር አምስት ቀን ከረመ። ሲደርሰን ከላይ ጥርት ያለ ነው፣ ከሥሩ ትንሽ ጥቁር አመድ የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። ጥርት በማለቱ ልጆቹ ደስ አላቸው። ከፈትነው።

የበሰበሰ እንቁላል! ላቦራቶሪው በአንድ ደቂቃ ባዶ ሆነ። ከበር ውጭ ሆና አንዷ "አቦ ቲቸር፣ ይሄ ባሕር ነው ሽንት ቤት?" አለች።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ያስተማርኩትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አላስተማርኩም። በመስኮት በኩል ቆመን ነበር የተነጋገርነው። አልጌዎቹ ጨለማ ውስጥ ሞቱ። ባክቴሪያዎቹ ሬሳውን ሲበሉ ውሃው ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን ጨረሷት። ኦክስጅን ሲያልቅ ሌሎች፣ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ተራውን ወሰዱ፤ እነሱ የሚተነፍሱት የባሕር ውሃ ውስጥ ሞልቶ የተረፈውን ሰልፌት ነው፣ የሚያስወጡት ደግሞ ያንን የእንቁላል ሽታ። አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ በየበጋው የሚሆነው ይኸው ነው፣ ልዩነቱ የሃይላንዱ ስፋት ብቻ ነው። ወንዙ የመላው የመሃል አሜሪካ እርሻ ማዳበሪያ ይዞ ይወርዳል፤ አልጌው ይጠግባል፣ ይበዛል፣ ይሞታል፣ ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ ከዚያ የታችኛው ውሃ ትንፋሽ ያጥረዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲህ የታፈነው ቦታ ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። መዋኘት የሚችል ዓሣ ይሸሻል። መሸሽ የማይችለው እዚያው ይቀራል።

"ታዲያ ማዳበሪያ መርዝ ነው ማለት ነው?" አለ አንዱ። አይደለም። መርዝ ቢሆንማ አልጌውን በገደለው ነበር። ይሄ ጥጋብ የገደለው ነው።

ልጁ አላመነኝም፣ ጥሩ አደረገ። በጥር ሦስት የማርማላታ ብልቃጥ መስኮት ላይ ደረደርን። ሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ የኩሬ ውሃ ነው። አንዱን እንዳለ ተውነው፣ አንዱ ላይ ቁንጥር ዩሪያ፣ አንዱ ላይ ቁንጥር ዳፕ (ከአያት ጎተራ የመጣ ነው፣ አያትየው ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኩም)። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ዳፕ ግን ፎስፈረስም አለው። በሁለተኛው ሳምንት የዳፑ ብልቃጥ ጎመን መሰለ። የዩሪያው ከባዶው እምብዛም አልተለየም። በ1973 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ሳይንቲስቶች አንድ ሙሉ ሐይቅ መሃሉን በመጋረጃ ከፍለው ይህንኑ ሞክረው ነበር፤ አንዱ ወገን ላይ ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ሌላው ላይ እነዚያኑ ከፎስፈረስ ጋር። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን አረንጓዴ ሆነ። ባሕር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ ወንዝና ባሕር የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱን ብቻ ቀንሶ መገላገል አይቻልም።

የካቲት ላይ ሐረማያ ሐይቅ ወጣን። ደንገጎን ስንወጣ ሁለት ልጆች አስታወኩ፣ እሱን እንለፈው። ይህ ሐይቅ ለሐረር የመጠጥ ውሃ ነበር፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ። አሁን ውሃው ተመልሷል፣ ለልጆቹ ሐይቅ ነው፣ ለኔ ግን እስካሁን ተአምር ነው። ዙሪያው ጫትና አትክልት ነው፣ ፓምፑ ያለማቋረጥ ይጮሃል።

የያዝነው መሣሪያ የባልዲ ክዳን ነው። 20 ሳንቲ ሜትር አድርገን ቆርጠን፣ አራት ቦታ ከፍለን ጥቁርና ነጭ ቀባነው፣ ከሥሩ ብሎን አሰርንበት፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በፕላስተር ምልክት አደረግንበት። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ፣ የሥነ ፈለክም ሰው፣ በ1865 እ.ኤ.አ. መርከብ ላይ ሆኖ ሞክሮት ነው ስሙ የቀረለት። ክዳኑን ታወርዳለህ፣ ከዓይንህ የጠፋበትን ጥልቀት ትጽፋለህ። በቃ። ባትሪ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። የኛ ገና ከክንድ ሳያልፍ ጠፋ። "ተበላሽቶ ነው" አሉኝ። ክዳን ምን ይበላሻል!

ውሃውን አምጥተን ማይክሮስኮፕ ሥር ስናየው ጉዳዩ ሁለት ነበር፦ ግማሹ አፈር፣ ግማሹ አልጌ። ከአልጌው ውስጥ እንደ ተበተነ ጥቁር አዝሙድ ቁጥር ቁጥር ያሉ ማይክሮሲስቲስ የሚመስሉ ነበሩ። ይህቺን ወላጆችም ያንብቧት፦ ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም። አረንጓዴ ቅባት መሳይ ነገር የተንሳፈፈበትን ውሃ አፍልቼ ልጠጣው፣ ለከብት ልስጠው ማለት አያዋጣም። በሌላ በኩል ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ የጠቆረ አረንጓዴ ሆኖ ፍላሚንጎ ይመገብበታል፤ እዚያ ያለው ዓይነት በየሱቁ ስፒሩሊና ተብሎ በውድ የሚሸጠው ነው። የቧንቧችን ውሃ ደግሞ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ማንቆርቆሪያችሁን ግን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት፣ ነጭ ቅርፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ክበቡ ውስጥ "ጥርት ያለ ነው" ብሎ የሚመጣ ልጅ "እንቁላሉን አትርሳ" ይባላል።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሳው ግን ከመጋቢት ጥያቄ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ብዙ የማትናገር፣ "ቲቸር፣ የኛ የወንዝ አፍ የት ነው?" አለች። ካርታ ዘረጋን። አዋሽ? አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ደቻቱ? ወደ ሰሜን ወርዶ አሸዋው ይውጠዋል። "አፍ ከሌለው በ1998 እንዴት ሰው በላ?" አለ አንዱ። ዝም አልን። በዚያ የጎርፍ ሌሊት ከ200 ሰው በላይ ነው የሄደው፣ እነዚህ ልጆች ያኔ ገና ያልተወለዱ ቢሆኑም ቤታቸው ውስጥ የሟች ፎቶ የተሰቀለ አለ።

ከዚያ ጣቷ ወደ ላይ፣ አባይን ይዞ እስከ ሜዲትራኒያን ሄደ። እዚያ ነው አፋችን። ድሮ ነሐሴና መስከረም ላይ ጎርፉ ከደጋችን አፈሩንና ለአልጌ ምግብ የሚሆነውን ጨው ይዞ ሲደርስ የግብፅ ዳርቻ ባሕር በአልጌ ይሞላ ነበር፣ ሰርዲን የተባለው ዓሣም እሱን ተከትሎ ይመጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአስዋን ግድብ ጎርፉን ሲያስቀረው አልጌው ጠፋ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. 18 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የሰርዲን ምርት በአሥርቱ መጨረሻ ጥቂት መቶ ቶን ሆነ። የሚገርመው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓሣው ተመልሷል። በምን? በማዳበሪያና በከተሞቹ ፍሳሽ። ጎጃምና ወሎ በነፃ ይልኩት የነበረውን አሁን ማዳበሪያና ሽንት ቤት ተክተውታል ማለት ነው። ክርክሩ ከዚህ ወደ ፖለቲካ ሊያመራ ሲል ደወል አዳነኝ።

ግንቦት ላይ አጎትየው ሁለተኛ ሃይላንድ አመጣልን። አሁን ብልጦች ነን። ከመሄዱ በፊት ቡናማውን አዮዲን ሰጥተነው "ውሃው ቀጭን ሻይ እስኪመስል ጠብ ጠብ አድርግበት" አልነው። አዮዲን ይገድላቸዋል፣ ግን አያበሰብሳቸውም፣ ከብዷቸውም ወደ ሥር ይሰምጣሉ። አንድ ሌሊት አቁመነው፣ ላዩን በእስትሮ ቀስ ብለን ቀዳነው፣ ከሥሩ አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ የመስተዋቱን ብርሃን ስናስተካክል ዳያቶሞች የሚባሉ አልጌዎች መጡ፤ የመስታወት ሳጥን ናቸው፣ ቃል በቃል፣ ቤታቸውን የሚሠሩት ከሲሊካ ነው። አንዳንዱ እንደ ጀልባ ሾጠጥ ያለ፣ አንዳንዱ እንደ ዶቃ የተሰካካ፣ ከዶቃው ደግሞ ፀጉር የመሰለ እሾህ ይወጣል። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳ ብላ ሰልፉ ተቆጣ። "ትንሽ ቆዩ፣ እየቆጠርኩ ነው" አለች። ማንም ቁጠሪ አላላትም።

ለከርሞ የምንፈልገው የማይክሮስኮፕ አምፖልና ሁለት ሜትር ገመድ ነው። ሌላው ደግሞ፣ የስፖርት ክበብ ሚያዝያ ላይ ጉልበቱ የተላጠ ተጫዋች ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ውስጥ አዮዲን ያጣው በኛ ምክንያት ነው። ጂቡቲ ሄዷል።