በአንታርክቲካ የበረዶ ናሙና ለምትሰበስቡ አባላት

ቱሪስት በሚወርድባቸው ዳርቻዎች የጥቀርሻ ናሙና ስትወስዱ፣ ከመርከቡና ከሞተር ጀልባዎቹ ራቅ ብላችሁ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቁሙ። የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር በረዶ ብቻ ጠርጋችሁ በዕቃ ያዙ፤ አዲስ በረዶ ከጣለ ግን ጥቁሩ ንጣፍ ከሥር ስለሚቀበር እሱንም በሌላ ዕቃ ያዙ። በረዶው እንደቀለጠ ወዲያው አጣሩ። ውሎ ካደረ ጥቀርሻው የዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ልኬቱ ከእውነተኛው በታች ይወጣል፤ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ!

በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መንገደኛ አይወርድም፤ ከ500 በላይ የጫነ መርከብ ደግሞ ጭራሽ አያወርድም። ስለዚህ ተራችሁን ከጉዞ መሪው ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

የተክል ዘር ይዛችሁ እንዳትገቡ ጫማችሁንና የጃኬታችሁን ቬልክሮ (ተጣባቂ መዝጊያ) በብሩሽና በወረንጦ አጽዱ። በአንታርክቲካዋ ኪንግ ጆርጅ ደሴት የበቀለው ባዕድ ሣር የገባው በሰው ነው።